ስቴፈን ሎንግ፦ "በረሃ" የሚለው ስም የሸፈነው የወንዝና የድልድይ መሐንዲስ

ባለቴዎዶላይት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስቴፈን ሃሪማን ሎንግ ሲነሳ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ በ1820 እስከ ሮኪ ተራሮች ሄዶ የመካከሉን ሜዳ በካርታው ላይ "ታላቁ በረሃ" ብሎ የጻፈ ሻለቃ። ኮሎራዶ ያለው ሎንግስ ፒክም በሱ ስም ነው። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ለእኔ ግን የሰውየው ትልቁ ሥራ ያለው በእንጨትና በውኃ ነው። ይኼን ክር የከፈትኩት ለዚያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ፦ በ1784 ኒው ሃምፕሻየር ሆፕኪንተን ተወለደ። በ1809 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀ፣ አስተማሪ ሆነ። ታኅሣሥ 1814 በመሐንዲሶች ጓድ ሁለተኛ ሌፍተናንት ሆኖ ገባ፤ ያስገባው ጆሴፍ ስዊፍት ነው፣ የጓዱ አለቃ። በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሒሳብ ካስተማረ በኋላ በ1816 ወደ መልክዓ ምድር መሐንዲሶች ተዛወረ። በ1817 መጨረሻ አርካንሶ ወንዝ ላይ የፎርት ስሚዝን ቦታ መረጠ። በ1823 የሰሜኑን ቀይ ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ሰሜን ወጣና ፔምቢና ላይ 49ኛውን የኬክሮስ መስመር ለካ፣ የኦክ ምሰሶ አስተከለ። ከ1824 በኋላ ወንዝ፣ ባቡር፣ ድልድይ፣ ሆስፒታል። በ1861 የመልክዓ ምድር መሐንዲሶች ጓድ ኃላፊ ኮሎኔል ሆነ፤ ጓዱ መጋቢት 1863 ከዋናው ጋር ተቀላቀለ፣ እሱም በዚያው ዓመት ሰኔ ጡረታ ወጣ። በ1864 ኢሊኖይ አልተን ውስጥ አረፈ።

ዝርዝሩን የምታውቁ ጨምሩ።

ዋርካው

ከጀልባው ብትጀምሩ ጥሩ ነበር። "ዌስተርን ኢንጂነር" በ1819 ፒትስበርግ ላይ ለዚሁ ጉዞ የተሠራች የእንፋሎት ጀልባ ናት። ርዝመቷ 75 ጫማ፣ ወርዷ 13 ጫማ፣ ውኃ ውስጥ የምትገባው 19 ኢንች ብቻ፤ ማለትም ወደ 48 ሴንቲ ሜትር። መቅዘፊያ ጎማዋ ከኋላ ነው። ይኼ ለውበት አይደለም፦ ሚዙሪ ሰምጦ በቆመ ግንድ የተሞላ ወንዝ ስለሆነ በጎን የተገጠመ ጎማ በመጀመሪያው ቀን ይሰበራል፤ የኋለኛውን የጀልባዋ አካል (ቀፎው) ራሱ ይከልለዋል። ከፊት የእባብ አንገት ተሠርቶላት እንፋሎት በአፉ ይወጣ ነበር፤ ዓላማው የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ማስደንገጥ ነው ይባላል። ለእኔ ተራ ትርኢት ነው።

የተበላሸው ነገር ደግሞ ቦይለሩ ነው፣ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠው ጋን። የሚዙሪ ውኃ ጭቃ ነው። ውኃው ሲተን ጭቃው ከታች ይቀራል፣ ብረቱና ውኃው መካከል ሽፋን ይሠራል። ያን ጊዜ ሙቀቱ ወደ ውኃው አያልፍም፣ ብረቱ ራሱ ይግላል፣ እንፋሎቱም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ቆሞ፣ እሳት አጥፍቶ፣ ጭቃውን መዛቅ ብቻ ነበር። እንዲህም ሆኖ መስከረም 1819 ካውንስል ብላፍስ አካባቢ ደረሰች። ወታደር እንዲያጓጉዙ በኮንትራት የተያዙት የግል ጀልባዎች አንዳቸውም አልደረሱም።

ታሪክ_ፈላጊ

ጥሩ፣ ግን "በረሃ" የሚለውን ባጭሩ አታልፉት። ዛሬ ኔብራስካና ካንሳስ ስንዴና በቆሎ የሚያመርቱ ናቸው። አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለ መሬት ለእርሻ አይሆንም ብሎ ለሁለት ትውልድ ሰው ካሸሸ፣ ስህተቱ ትንሽ አይደለም።

ባለቴዎዶላይት

@ታሪክ_ፈላጊ የጻፈው ለምን እንደሆነ እንይ። ሪፖርቱ ምክንያቱን ይናገራል፦ እንጨትና ውኃ በየቦታው ጠፍቷል። በ1820 አንድ ገበሬ ቤቱን፣ አጥሩን፣ ማገዶውን የሚያገኘው ከእንጨት ነው፤ ምርቱን ገበያ የሚያደርሰው በጀልባ ነው። እንጨትም ጀልባ የሚሄድበት ውኃም የሌለበት አገር በዚያ ዘመን መሣሪያ በእርግጥም አይታረስም ነበር። መሬቱን የለወጡት በኋላ የመጡት ባቡሩ፣ የሽቦ አጥሩና ውኃ የሚስበው የነፋስ ሞተር ናቸው።

ማንሳት ያለብን ሌላ ጥፋት ነው፦ በ1820ው ጉዞ የደቡቡ ቀይ ወንዝ ነው ብሎ የተከተለው (ከ1823ቱ የሰሜን ቀይ ወንዝ ሌላ ነው) ካናዲያን ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከተላከባቸው ዋና ጉዳዮች አንዱ፣ የቀይ ወንዝን ምንጭ ማግኘት፣ አልተፈጸመም። በዚያ ላይ በአርካንሶ በኩል በካፒቴን ቤል ሥር ከወረደው ቡድን ሦስት ወታደሮች ሲከዱ የጉዞውን የእንስሳት አጥኚ የቶማስ ሴይንና የሌፍተናንት ዊሊያም ስዊፍትን ማስታወሻዎች ይዘው ጠፉ። የቀረው ግን ቀላል አይደለም፤ ኮዮቴ የሳይንስ ስሙን ያገኘው በሴይ እጅ ከዚህ ጉዞ ነው።

ደለል

ወንዙን ለእኔ ተዉልኝ።

ግንቦት 24 ቀን 1824 ኮንግረስ ኦሃዮና ሚሲሲፒ ወንዞች እንዲስተካከሉ 75,000 ዶላር መደበ፤ ገንዘቡ የታሰበው ለሁለት ነገር ነው፣ የአሸዋ ደለሉንና የሰመጠውን ግንድ ለማንሳት። ሎንግ ኬንታኪ ውስጥ ሄንደርሰን አጠገብ ያለው ደለል ላይ ሙከራ እንዲያደርግ ታዘዘ። ደለሉን አልቆፈረም። በጋ ላይ ቢቆፈር በሚቀጥለው ጎርፍ ተመልሶ ይሞላል። ያደረገው ከአንድ ወገን ወደ ወንዙ የሚገባ የክንፍ ግድብ መሥራት ነው። ወንዙ ሲጠብ ያው ውኃ በጠበበ መተላለፊያ ለማለፍ ይፈጥናል፤ የፈጠነ ውኃ አሸዋውን ራሱ ያነሳል፣ ከግድቡ ኋላ ባለው የተኛ ውኃ ውስጥም ያራግፈዋል።

አሠራሩ፦ በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ የግንድ መትከያ ተገጠመ። 500 ፓውንድ (227 ኪሎ ገደማ) የሚመዝን መዶሻ በሰው ጉልበት በሚዞር መጠቅለያ ተስቦ ይወጣል፣ ይለቀቃል። በሁለት ረድፍ 1,400 ግንድ ተተከለ። ረድፎቹ በላይ በኩል በአግዳሚ እንጨት ተያያዙ፣ በመካከላቸው ጭራሮና ቅርንጫፍ ተጠቀጠቀ። የግድቡ ርዝመት 402 ያርድ፣ ማለትም 368 ሜትር ገደማ። ቁመቱን፣ ወርዱንና ርዝመቱን እየለዋወጠ ሞክሮ ነው እዚህ የደረሰው። ወጪው በሙሉ 3,378 ዶላር ከ93 ሳንቲም።

እስቲ እናካፍለው፦ በያርድ 8 ዶላር ከ40 ሳንቲም። በረድፍ 700 ግንድ ከሆነ ከመሐል እስከ መሐል ያለው ርቀት 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከተመደበው ገንዘብ 4.5 በመቶ ብቻ። ትንሽ ትንሽ እየተጠገነም እስከ 1872 ሠርቷል።

ጋቢዮን_ሠሪ

ሰላም @ደለል። ጭራሮው ለምን አይንሳፈፍም? እኛ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ስንደረድር ሥራውን የሚሠራው የድንጋዩ ክብደት ነው።

ደለል

ጭራሮው ብቻውን ቢሆን ይንሳፈፍ ነበር። የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ግንዱ ተቀራርቦ ስለተተከለ ተጨናንቆ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛ፣ አግዳሚው ከላይ ይጫነዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ወንዙ ራሱ ነው፦ ጭራሮው ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዘገይ ደለሉን እዚያው ይጥላል፣ አንድ ሁለት ጎርፍ ካለፈ በኋላ መካከሉ አሸዋና ጭቃ ሆኖ ይከብዳል። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ መጀመሪያው ጎርፍ ነው። ውኃ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ቢደፈን ኖሮ በሁለቱ ወገን የሚፈጠረው የውኃ ከፍታ ልዩነት ግንዱን ይገፋው ነበር።

እንዲህ ያለ ግድብ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ደግሞ ለእርስዎም አዲስ አይሆኑም፦

ጫፉ። ውኃው የሚፈጥነው እዚያ ስለሆነ ከሥሩ ይቦረቡራል። የመጨረሻዎቹ ግንዶች ጠልቀው ካልተተከሉ አንድ በአንድ ይነቀላሉ።

ሥሩ፣ ከወንዙ ዳርቻ የሚገናኝበት። ወደ ዳርቻው ውስጥ ካልገባ ጎርፍ በኋላው ዞሮ አዲስ መንገድ ይቆርጣል፣ ግድቡ በደሴት ላይ ይቀራል።

ቁመቱ። ከበጋው ውኃ ትንሽ ብቻ መብለጥ አለበት። ከፍ ካለ የሚንሳፈፈው ግንድና በብርዱ ወራት ወንዙ ይዞት የሚወርደው በረዶ ይመታዋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ በሚያስፈልግበት ወቅት ወንዙን አያጠበውም።

ዋርካው

ከዚያው ሕግ ሁለተኛው ግማሽ፣ የሰመጠ ግንድ ማንሳቱ፣ ለግል ኮንትራክተር ተሰጥቶ ብዙ ክርክር አስነስቷል። ነገሩ በትክክል የተፈታው ሄንሪ ሽሪቭ በ1829 ሁለት ቀፎ ያላትን "ሄሊዮፖሊስ"ን ሲሠራ ነው፤ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ባለ በብረት የተለበጠ ምሰሶ ግንዱን በሙሉ ፍጥነት ትመታውና ትነቅለዋለች። ሽሪቭ ግን የጦር መሐንዲስ አይደለም፣ የጀልባ ካፒቴን ነው። ሎንግ የምዕራብ ወንዞችን ሥራ በኃላፊነት የያዘው በ1840ዎቹ ነው።

ሰያፍ

አሁን ወደ ድልድዩ። ለእኔ የሰውየው ትልቁ ሥራ ይኼ ነው፣ በጥንቃቄ የሚያብራራውም ጥቂት ነው።

የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ በ1827 ሲቋቋም መሥመሩን እንዲቀይሱለት መንግሥት መሐንዲሶች ላከ፣ ሎንግ አንዱ ነበር። በ1829 ስለ ባቡር መሥመር ቅየሳ መመሪያ አሳተመ፤ ኩርባን መሬት ላይ እንዴት መጣል እንደሚቻል በሰንጠረዥ ያሳያል። በዚያው ዓመት ባልቲሞር አጠገብ ከባቡሩ በላይ የሚያልፍ የጋሪ መንገድ ድልድይ ሠራ፦ የጃክሰን ድልድይ፣ 109 ጫማ (33 ሜትር ገደማ)፣ ሁሉም እንጨት። የፈጠራ መብቱን መጋቢት 6 ቀን 1830 አገኘ።

ክፍሎቹ፦ የላይኛውና የታችኛው አግዳሚ እያንዳንዳቸው ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሦስት ግንዶች ይሠራሉ፤ ቋሚዎቹ በመካከላቸው ያልፋሉ። በሁለት ቋሚዎች መካከል ባለው ክፍል ዋናው ሰያፍ ጥንድ ሆኖ ይቆማል፣ ተቃራኒው ሰያፍ አንድ ሆኖ በጥንዱ መካከል ያልፋል። አንድ ክፍል ሲታይ ኤክስ ነው። እስከዚህ አዲስ ነገር የለም። አዲሱ ነገር በተቃራኒው ሰያፍ ጫፍ ላይ የሚመታው የጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ነው።

ሽብልቁ ሲመታ ተቃራኒው ሰያፍ ይጨመቃል። እሱ ክፍሉን ሲገፋ ዋናው ሰያፍም ይጨመቃል፣ ቋሚው ይሳባል። ድልድዩ ላይ አንድ ጋሪ ሳይወጣ ሁሉም ክፍል ሥራ ላይ ነው። ቁጥር እንስጠው (ለማብራሪያ ያህል፣ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ጥንካሬ አላቸው ብለን)፦ ሽብልቁ በሁለቱም ላይ 3 ቶን ጨመቀ እንበል። ጋሪው ሲመጣ በዚያ ክፍል 4 ቶን ቢጠይቅ ዋናው ሰያፍ ከ3 ወደ 5 ይወጣል፣ ተቃራኒው ከ3 ወደ 1 ይወርዳል። ሸክሙን ሁለት ሆነው ተካፈሉት፣ የሰያፎቹ መሸማቀቅም በግማሽ ቀነሰ። ተቃራኒው ሰያፍ መጨመቁን እየለቀቀ ባለበት ሰዓት እንደ ሳቢ ያገለግላል፤ ጫፉ ላይ ግን አንድም ምስማር አልተሳበም። እንጨትን በመጋጠሚያው ላይ መሳብ ደካማ ነውና ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ጭነቱ ከ6 ቶን ካለፈ ግን ተቃራኒው ዜሮ ይሆናል፣ ይላላል፣ ከዚያ ወዲያ ዋናው ብቻውን ነው።

ሜትር_በሜትር

@ሰያፍ በጣም ጥሩ፣ አንድ ነገር ይጨመር። "በግማሽ" የሚለው ለሰያፎቹ ድርሻ ብቻ ነው። ድልድዩ የሚረግበው በሰያፎቹ መሸማቀቅም በአግዳሚዎቹ መሳሳብና መጨመቅም ነው፤ ሽብልቁ የአግዳሚዎቹን ድርሻ አይነካም። ረጅም ድልድይ ላይ ደግሞ የአግዳሚው ድርሻ ይበዛል። ስለዚህ አጠቃላይ ርገባው በግማሽ አይቀንስም።

ሰያፍ

ልክ ነው። የታችኛው አግዳሚ መቀጠያም አለ፤ እሱ ሁሌም የሚሳብ ስለሆነ በረጅም ድልድይ ላይ ቀድሞ የሚከፈተው መጋጠሚያ እሱ ነው። ለዚህ ነው ሦስቱ ግንዶች በአንድ መስመር ላይ እንዳይቀጠሉ የሚደረገው፤ አንዱ ሲቀጠል ሁለቱ ሙሉ መሆን አለባቸው።

ሽብልቁ መቼ እንደሚመታም ወሳኝ ነው። ሲሠራ ከሥር የሚቆመው ጊዜያዊ መደገፊያ ተነስቶ ድልድዩ በራሱ ክብደት ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚመታው። መደገፊያው ሳይነሳ ቢመታ፣ ሲነሳ የድልድዩ ክብደት ራሱ ተቃራኒዎቹን ያላላቸዋል፤ ድካሙ ከንቱ ነው።

ታሪክ_ፈላጊ

ታዲያ ይኼን ያህል ጥሩ ከሆነ ኩባንያው ለምን ድንጋይ መረጠ? የካሮልተን ድልድይ በ1829 በድንጋይ ተሠርቶ ዛሬም ባቡር ያሳልፋል። ቶማስ ቪያዳክትም ከ1835 ጀምሮ እንደዚያው። የሎንግ የጃክሰን ድልድይ ግን የለም።

ባለቴዎዶላይት

ጠቡ ይኼው ነበር። ሎንግና ሌላው የጦር መሐንዲስ ማክኒል በእንጨት ቶሎ እንሥራ፣ ባቡሩ ገቢ ሲያገኝ በድንጋይ እንተካለን አሉ። የግንባታው ኃላፊ ካስፐር ዊቨር ከመጀመሪያው በድንጋይ አለ። ዊቨር አሸነፈ፣ ሎንግና ማክኒል በ1830 ወጡ። የድንጋዩን ዕድሜ የሚክድ የለም። ነገር ግን በ1830ዎቹ የተዘረጉት አብዛኞቹ የአሜሪካ መሥመሮች የባልቲሞርን ያህል ካፒታል አልነበራቸውም፤ ወንዝ የተሻገሩት በእንጨት ነው። ሎንግ ራሱ ከ1837 ጀምሮ የጆርጂያን የዌስተርንና አትላንቲክ መሥመር ዋና መሐንዲስ ሆኖ መርቷል፤ የመሥመሩ መነሻ ሆኖ ችካል የተተከለበት ጫካ ዛሬ አትላንታ ነው። ቦታው ለአንድ መጠጥ ቤት፣ ለአንድ ባለ እጅና ለአንድ ሱቅ ይበቃል ብሏል ይባላል፤ ስለ ከተማ ያለው ትንበያ ስለ በረሃ ካለው አይሻልም።

ፉርጎ

ሎኮሞቲቩን ማንም አላነሳም። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ፊላደልፊያ ላይ ከዊሊያም ኖሪስ ጋር ሆኖ በአንትራሳይት (ጠንካራ የድንጋይ ከሰል) የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ለመሥራት ሞከረ። አልሆነም፦ አንትራሳይት ቶሎ አይያያዝም፣ ብዙ ነፋስና ሰፊ የእሳት ቦታ ይፈልጋል፤ በትንሽ ምድጃ ሲነድ በቂ እንፋሎት አይሰጥም። ኖሪስ ከሎንግ ተለይቶ በ1836 ዳገት የምትወጣ ሎኮሞቲቭ ሠርቶ ስም አገኘ።

ጋቢዮን_ሠሪ

@ሰያፍ እንጨት ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል። ያ ሽብልቅ ስንት ዓመት ይቆያል?

ሰያፍ

የአሠራሩ ድክመት ይኼ ነው። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይሸማቀቅም፤ የሚሸማቀቀው በወርዱ ነው። ሰያፎቹ ረጅም ቢሆኑም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው የሰያፉ ጫፍ የሚያርፍበት የቋሚው ወርድና ሽብልቁ ራሱ ነው። 8 ኢንች ወርድ ያለው እርጥብ ቋሚ 3 በመቶ ቢቀንስ ሩብ ኢንች ገደማ ክፍተት ይፈጠራል፤ ያ ሽብልቁ የሰጠውን ግፊት በሙሉ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ደጋግሞ መምታት ያስፈልጋል። ብዙ የመንደር ድልድዮች ላይ ያን የሚያደርግ ሰው አልነበረም፣ ተቃራኒዎቹ ላልተው እንደ ጌጥ ቆሙ።

ዊሊያም ሃው በ1840 ያደረገው ለውጥ ይኼን ነው የፈታው፦ ቋሚውን በብረት ዘንግ ተካው፣ ጫፉ ላይ ዳዶ አደረገበት። ሲላላ በቁልፍ ይጠብቃል። ለባቡር ድልድይ ወዲያው ያሸነፈው የሃው ነው። የሎንግ ግን በጋሪ መንገድ ላይ ቆይቷል፤ ኦሃዮ ትሮይ አጠገብ ያለው ኤልዲያን ድልድይ በ1860 ተሠርቶ አሁንም አለ። ኒው ዮርክ የነበረው የብሌንሃይም ድልድይ (1855፣ 210 ጫማ፣ በመካከሉ ቅስት የተጨመረበት) ነሐሴ 2011 በአውሎ ነፋስ አይሪን ጎርፍ ተወሰደ።

ደለል

ሆስፒታሎቹ ከመረሳታቸው በፊት። በ1840ዎቹና 50ዎቹ መንግሥት ለወንዝ መርከበኞች ያሠራቸውን ሆስፒታሎች ሎንግ ይቆጣጠር ነበር፦ ሉዊቪል፣ ፓዱካ፣ ናቼዝ፣ ናፖሊዮን። ናፖሊዮን አርካንሶ ወንዝ ሚሲሲፒን የሚገናኝበት ላይ ናት። ሎንግ የወንዙ ዳርቻ እየተበላ ነው ብሎ ቦታውን ተቃወመ፣ ከላይ ግን ሥራ ተባለ። ሠራው። በ1868 ሕንፃው ወንዝ ውስጥ ገባ። የሉዊቪሉ ግን ዛሬም ቆሟል።

ጋቢዮን_ሠሪ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። @ሰያፍ አሜሪካ ያሉ የሙያ ባልደረቦች ኤልዲያንን ሊያዩ ስለሆነ ምን ይመርምሩ?

ሰያፍ

መጀመሪያ ተቃራኒዎቹን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ያንኳኩ። የተጨመቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ይንቀጠቀጣል። ከመሐል ይጀምሩ፤ ጋሪው ወይም መኪናው ሲያልፍ ግፊቱ የሚገለባበጠው በመካከለኞቹ ክፍሎች ስለሆነ እዚያ ያለ ልል ተቃራኒ ከዳር ካለው ይከፋል።

ቀጥሎ የቋሚውን ጫፍ ይዩ። ከአግዳሚው አልፎ የወጣው ክፍል በእንጨቱ መስመር ላይ ቁመቱን ተከትሎ ተሰንጥቆ ከሆነ ሽብልቁ ከመጠን በላይ ተመትቷል ማለት ነው፤ ቋሚውን የሚይዘው ያ ጫፍ ነውና ከተቆረጠ ክፍሉ በሙሉ ይለቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሽብልቅ ማጥበቅ ክልክል ነው።

መጥበቅ ካለበት መኪና ሳይኖር፣ ከሁለቱም ዳር ወደ መሐል፣ በሁለቱም ጎን እኩል፣ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ይመታል። አንዱን ክፍል ብቻ እስኪጠግብ ከመቱት አጎራባቹ ይላላል።